ልጃችሁ ከኤችአይቪ ነፃ ሆኖ እንዲያድግ፦ አባት በሩን አልፎ ገብቶ የሚሠራው ሥራ

የእርግዝና ክትትል ባለበት ቀን ጠዋት ወደ አንዱ ጤና ጣቢያ ጎራ በሉ። አግዳሚው ላይ ሴቶች ካርዳቸውን ይዘው ተደርድረዋል። ባሎቻቸው ከግቢው ውጭ ናቸው። አንዱ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ሌላው አጥሩን ተደግፎ ሰዓት ያያል። ሚስቱን እስከዚያ ያደረሳት አስቦላት ነው። በሩን ያላለፈው ደግሞ "ይሄ የሴቶች ክፍል ነው" ብሎ ነው።

ይህን የምጽፈው እዚያ በር ላይ ለቆመው ወንድሜ ነው። "አንተ" እያልኩ ስለማወራህ አትቀየመኝ፤ ጉዳዩ የቤት ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እወቀው። ቫይረሱ በደሟ ውስጥ ያለ እናት ምንም ሕክምና ካላገኘች፣ ከ100 ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ። መተላለፊያው መንገድ እርግዝናው፣ ምጡና ጡት ማጥባቱ ነው። እናት መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደችና ልጁም የራሱን ካገኘ ይህ ቁጥር ከ5 በታች ይወርዳል። በአገራችን ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ እናት ቫይረሱ እንዳለባት ሲታወቅ ዕድሜ ልክ የሚወሰደውን ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ወዲያው ትጀምራለች። በመንግሥት ጤና ተቋም መድኃኒቱ በነፃ ነው።

"እንግዲህ መድኃኒቱ ካለ የእኔ መግባት ምን ይጨምራል?" ትል ይሆናል። ብዙ ይጨምራል። እሷ በመጀመሪያው ወር ተመርምራ ነፃ ብትሆንም፣ አንተ ካልተመረመርክ ቫይረሱ ከዚያ በኋላ በአንተ በኩል ሊገባ ይችላል። ቫይረሱ ካለባት ደግሞ ከአንተ ተደብቃ የምትውጠው ክኒን አንድ ቀን መዘለሉ አይቀርም። ያንተ ደምና ያንተ ማወቅ የልጁ ሕክምና አካል ናቸው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

አንደኛ፦ አብራችሁ ተመርመሩ

እርግዝናው እንደታወቀ፣ ቢቻል ሦስት ወር ሳይሞላ የመጀመሪያውን ክትትል ጀምሩ። ለዚያ ቀን ከሥራ ፈቃድ ጠይቅ። ቀኑን ሙሉ ካልተቻለ ግማሽ ቀን ይበቃል፣ በጠዋት ከሄዳችሁ። ካርድ ስታወጡ ወይም አዋላጅ ነርሷ ስትጠራችሁ "አብረን መመርመር እንፈልጋለን" በሉ። ይህቺን አረፍተ ነገር ከቤት አዘጋጅተህ ሂድ። አንዳንድ ቦታ ባል እንዲገባ የሚጠይቅ ሰው ላይኖር ይችላል፤ አንተ ራስህ ስትጠይቅ ግን ነገሩ ይቀላል።

ምርመራው ይህን ያህል አያስፈራም። ጣትህ ይወጋል፣ ጠብታ ደም ይወሰዳል፣ ውጤቱ እዚያው እየጠበቃችሁ ይደርሳል። የመጀመሪያው ኪት ቫይረስ ካሳየ በዚያ ብቻ "አለብህ" አይባልም፤ በሌሎች ኪቶች ተደግሞ ይረጋገጣል። በዚሁ አጋጣሚ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢም ይታያሉ። ቂጥኝን በተለይ ልብ በል። እሷ ታክማ አንተ ካልታከምክ መልሳ ትያዛለች፣ ፅንሱም ይጎዳል።

አሁን ብዙ ወንድ የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። "እሷ ተመርምራ ነፃ ከሆነች እኔም ነፃ ነኝ" የሚለው ሐሳብ ትክክል አይደለም። አንዱ ቫይረሱ ኖሮበት ሌላው ነፃ የሆነባቸው ባልና ሚስት ብዙ ናቸው። ለዓመታት አብረው ተኝተው፣ ልጅ ወልደው፣ አንዳቸው ብቻ የተያዙ አሉ። የእሷ ውጤት የእሷ ነው። ያንተን የሚነግርህ ያንተ ጣት ብቻ ነው።

ይህ ስሕተት ከሁሉም በላይ ልጁን ነው የሚጎዳው። አንድ ሰው ገና በተያዘባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በጣም ይበዛል። አንዲት እናት በሦስተኛ ወሯ ነፃ ሆና፣ በሰባተኛው ወር ወይም ልጁን እያጠባች ብትያዝስ? ማንም አልጠረጠረም። እሷም መድኃኒት አልጀመረችም። ቫይረሱ ግን በደሟና በጡቷ ወተት ውስጥ ከፍ ባለበት ሰዓት ልጁ ጋ ይደርሳል። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ዓይነቱ ነው፤ ምክንያቱም የአባትየው አንድ ጠብታ ደም ቀድሞ ይከለክለው ነበር።

ስለዚህ ሁለታችሁም ነፃ ብትሆኑ እንኳ በዚያ አያበቃም። በቅርብ የተያዘ ሰው እስከ 3 ወር ድረስ በምርመራ ላይታይ ይችላል። መቼ ደግማችሁ እንደምትመረመሩ ጠይቁና ቀኑን ካርዱ ላይ አስጽፉ። በእርግዝናው መጨረሻ ወራትና በማጥባቱ ጊዜም ደግማችሁ ተመርመሩ። ከትዳር ውጭ ግንኙነት ካለህ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከምክሬ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው እሱን ማቆም ነው። ካልሆነ ያለ ኮንዶም አይሁን። ልጅ በሚጠባባቸው ወራት ይህ የሁለት ሰው ጉዳይ አይደለም፣ ሦስተኛ አለበት።

ሥራህ ሩቅ ከሆነ፣ ሹፌር ከሆንክ ወይም ለቀን ሥራ ወጥተህ ከሆነ፣ ራስን በራስ የመመርመሪያ ኪት አለ። በአፍ ድድ ላይ የሚታሸት ነው። ከመመርመርህ በፊት 15 ደቂቃ ያህል አትብላ፣ አትጠጣ። ላይኛውንም ታችኛውንም ድድህን አንድ አንድ ጊዜ አሽተህ ዘንጉን ፈሳሹ ውስጥ ትከል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ አንብብ። ሁለት መስመር ካየህ የመጨረሻ ውጤት አይደለም፣ ጤና ተቋም ሄደህ አረጋግጥ። ኪቱ በአቅራቢያህ የሚገኝ እንደሆነ ሚስትህ በክትትሏ ቀን ትጠይቅልህ። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት እየወሰድክ ያለህ ሰው ከሆንክ ግን በዚህ ኪት አትመርመር፤ ሊያሳስትህ ይችላል።

ሁለተኛ፦ ውጤቱን ስትሰሙ

የምክር ክፍሉ ጠባብ ነው። ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ፖስተር። ነርሷ ውጤቱን ትናገራለች። ከዚያ ዝምታ ይሆናል። ከዚያ ዝምታ በኋላ የምትናገራት የመጀመሪያዋ ቃል ዓመታት ትቆያለች።

"ከየት አመጣሽው?" የምትለዋን ዋጣት። መጀመሪያ የተመረመረ ሰው መጀመሪያ የተያዘ ሰው ማለት አይደለም። ሴቷ ቀድማ የምታውቀው ስላረገዘችና ለክትትል ስለመጣች ነው። ምርመራው ማን ከማን እንደያዘ አይናገርም፤ ያለውን እንጂ የመጣበትን አያሳይም። ከጋብቻችሁ በፊትም ሊሆን ይችላል። ምን ልበል ካልክ፣ "መቼ ነው የምንጀምረው?" በል። ይበቃል። የቀረውን ቤት ገብታችሁ ሲመሽ ተነጋገሩ። ሐዘኑም ቁጣውም ሊመጣ ይችላል፤ በሌላ ቀን ለብቻህ ወደ ካውንስለሯ ተመልሰህ ማውራት ትችላለህ።

ከዚያ በኋላ የምታደርጉት እንደ ውጤቱ ይለያያል።

እሷ ላይ ኖሮ አንተ ነፃ ከሆንክ፣ እሷ መድኃኒቷን በዚያው ቀን እንድትጀምር አበረታታት። በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን ዝቅ ማለቱ በቫይራል ሎድ ምርመራ እስኪረጋገጥ ኮንዶም ተጠቀሙ። ነፃ ሆኖ ለሚኖር ሰው ቫይረሱ እንዳይዘው የሚሰጥ ፕሬፕ የሚባል ክኒንም አለ፤ ለአንተ ይሆን እንደሆን ጠይቅ። መጠኑ በምርመራ እስከማይታይ ወርዶ ከቆየ በግብረ ሥጋ አይተላለፍም። ይህን ያልሰማ ብዙ ባልና ሚስት በፍርሃት ብቻ ተራርቆ ይኖራል።

አንተ ላይ ኖሮ እሷ ነፃ ከሆነች ደግሞ ሥራው በአብዛኛው ያንተ ነው። መድኃኒትህን ዛሬ ጀምር፤ "ደህና ነኝ፣ ምንም አላመመኝም" ብለህ አታዘግይ። መጠኑ እስከማይታይ ለመውረድ ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ድረስ ኮንዶም ያለ ማወላወል። "ካረገዘች ወዲያ ኮንዶም ምን ይሠራል?" የሚል ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ኮንዶም ለእርግዝና ብቻ አልተሠራም፤ አሁን የሚጠብቀው ሆዷ ውስጥ ያለውን ነው። ስለ ፕሬፕ ለእሷ ጠይቁ፣ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናት ልትወስደው ትችላለች። የምርመራዋንም ቀጠሮ በቅርብ በቅርብ አድርጉት።

ሁለታችሁም ላይ ካለ፣ አብራችሁ ጀምሩ፣ በአንድ ሰዓት ዋጡ። የቀጠሮ ቀናችሁን አንድ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ። መንገዱም የትራንስፖርቱም ወጪ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ልጨምር። የእሷ ውጤት የእሷ ምስጢር ነው። ለእናትህም፣ ለወንድምህም፣ ለንስሐ አባትህም ቢሆን ያለ እሷ ፈቃድ አትናገር። ያንተም እንዲሁ ይጠበቅልህ።

ሦስተኛ፦ ክኒኑ ከተደበቀበት ይውጣ

ከባሏ የምትደብቅ ሴት መድኃኒቷን እንዴት እንደምታስቀምጥ ታውቃለህ? ብልቃጡ ሲንቀሳቀስ ይንኮሻኮሻል። ስለዚህ ጥጥ ትጠቀጥቅበታለች። አንዳንዷ ክኒኖቹን አውጥታ በወረቀት ትጠቀልልና በርበሬ ዕቃ ውስጥ ትከታቸዋለች። እዚያ እርጥበት ያገኛቸዋል። የመዋጫው ሰዓት ሲደርስ አንተ ሳሎን ከተቀመጥክ እስክትተኛ ትጠብቃለች። አንዳንድ ቀን እሷ ቀድማ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ስትሆን። ያ ቀን ተዘለለ ማለት ነው።

አንተ ካወቅክ ይህ ሁሉ ይቀራል። ብልቃጡ ከነክዳኑ፣ ደረቅና ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። በስልክህ ላይ አላርም ሙላ። የእሷ ላይም ሙላ። አብዛኛው ሰው ዛሬ የሚወስደው በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ፣ ሦስት መድኃኒት በአንድ ላይ የያዘ ክኒን ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ዶሉቴግራቪር ይባላል። ማታ 3 ሰዓት ካላችሁ ሁልጊዜ ማታ 3 ሰዓት ይሁን። ውሃውን በብርጭቆ ቀድተህ ብታቀርብላት ትንሽ ነገር አይደለም። "ዋጥሽ?" ብሎ እንደ ፖሊስ መጠየቅና ውሃ ይዞ መምጣት አንድ አይደሉም።

ብዙ ሰው የማይነገረው ጠቃሚ ነገር አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ለደም ማነስ የሚሆን አይረን ይሰጣታል። አይረንና ካልሲየም በባዶ ሆድ ከዶሉቴግራቪር ጋር አብረው ከተዋጡ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። አይረኑን ቀን 6 ሰዓት ከምሳ ጋር፣ ዋናውን ማታ 3 ሰዓት። ወይም ሁለቱንም ከምግብ ጋር አብራ ትውሰድ። በባዶ ሆድ ከሆነ ግን ዶሉቴግራቪሩ አይረኑ ከመዋጡ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከተዋጠ 6 ሰዓት በኋላ ይሁን። ለጨጓራ ከሚወሰድ ማስታገሻ ጋርም እንዲሁ መራራቅ አለበት። የምትወስደውን ሁሉ ለፋርማሲ ባለሙያው አሳዩ።

ጾምም ክኒን አያዘልልም። በቀን አንዴ ስለሆነ ማታ ይዋጣል፤ በረመዳንም ከኢፍጣር በኋላ ይሆናል። ነፍሰ ጡርና አጥቢ ከጾሙ ቢቀሩም ሃይማኖቱ ይፈቅድላቸዋል፣ አባቶችን ጠይቁ። ጸበል የምትሄዱ ከሆነ መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። በ1999 ዓ.ም. በጊዜው ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንዲወሰዱ ለምእመናን ተናግረዋል። "አቁሙት" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህንን ንገሩት። በመድኃኒት ማቋረጥ ብዙ ሰው ተጎድቷል።

ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለንግሥ ወደ አገር ቤት ስትሄዱም ከምትቆዩበት ቀን በላይ የሚበቃ ያዙ። መንገድ ይዘጋል፣ መኪና ይበላሻል። ይህን መቁጠር ያንተ ሥራ ይሁን።

ከጥቂት ወራት በኋላ ቫይራል ሎድ ይመረመራል። ውጤቱን ጠይቁ። "ደህና ነው" ከሚል መልስ ይልቅ ቁጥሩን እዩ። ከወሊድ በፊት ዝቅ ብሎ ማየት በጣም ትልቅ ነገር ነው፤ ከፍ ብሎ ከተገኘም ባለሙያው ለልጁ የሚሰጠውን መድኃኒት ያጠናክራል።

አራተኛ፦ ለምጡ ቀን ተዘጋጅ

ወሊዱ ጤና ተቋም ይሁን። ቤት ውስጥ መውለድ ለእናት ሁሉ አደጋ አለው፤ ቫይረሱ ላለባት እናት ደግሞ ልጇ መድኃኒቱን በሰዓቱ ላያገኝ ይችላል።

ከስምንተኛው ወር ጀምሮ የምትደውልለት የባጃጅ ወይም የታክሲ ሹፌር ስልክ ይኑርህ። ሌሊት የሚነሳልህ ይሁን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ጤና ጣቢያው ሩቅ በሆነበት ገጠር ብዙ ቦታ የእናቶች ማቆያ ቤት አለ፤ መውለጃዋ ሲደርስ እዚያ ገብታ መጠበቅ ትችላለች። ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቀድመህ ንገራት። ስንቁን አንተ ታደርሳለህ፣ ከብቱንና ልጆቹን አንተ ትይዛለህ። እናት ማቆያ የማትገባው ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚይዝላት ስለሌለ ነው።

በቦርሳው ውስጥ የክትትል ካርዷ፣ የዕለት መድኃኒቷ፣ ለሕፃኑ ንጹሕ ጨርቅ ይኑር። ሽርት ውሃ ከፈሰሰ ምጥ ባይኖርም ወዲያው ውጡ። ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ቫይረሱ ወደ ልጁ የመተላለፍ ዕድሉ ይጨምራል። ስትደርሱ ካርዱን ለአዋላጇ በእጇ ስጣት። ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብሎ መናገር አያስፈልግም።

ተቀጣሪ ከሆንክ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር የአባትነት ፈቃድ አለህ። ትንሽ ነው፤ ግን የዚያን ሳምንት ሥራ ለማስጀመር ይረዳል።

አምስተኛ፦ ሽሮፑ፣ ጡቱና ቅቤው

ልጁ እንደተወለደ የመከላከያ ሽሮፕ ይሰጠዋል። አብዛኛውን ጊዜ ኔቪራፒን የሚባለው ነው፣ በየቀኑ ለ6 ሳምንት። አደጋው ከፍ ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ እናቲቱ ዘግይታ ከጀመረች፣ ሌላ መድኃኒት ተጨምሮ እስከ 12 ሳምንት ይሄዳል።

የሽሮፑ ሲሪንጅ ትንሽ ናት። መርፌ የላትም። ከሆስፒታል ሳትወጡ ነርሷ ፊት አንተ ራስህ ቅዳ። መጠኑን በእስክሪብቶ ሲሪንጇ ላይ አስምሩበት። ልጁን ቀና አድርገህ ይዘህ በጉንጩ በኩል ቀስ አድርገህ ስጠው። ካስታወከ ምን እንደምታደርጉ ቀድማችሁ ጠይቁ። አራሷ ደክማለች፣ እንቅልፍ የላትም። ይህን ሽሮፕ ያንተ ሥራ አድርገው። ትናንሽ ጣቶቹን በአንድ እጅህ ይዘህ በሌላው ስትሰጠው፣ ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ የምትረሳ አባት አትሆንም።

አሁን ጡቱ። የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ጡት ብቻ። ውሃም፣ የአብሽ ውሃም፣ የላም ወተትም፣ ቅቤም አይገባም። የሕፃን አንጀት ስስ ነው። ሌላ ነገር ሲገባበት ይቆጣል፣ ቫይረሱም በቀላሉ ያልፋል። ግማሽ ጡት ግማሽ ሌላ ምግብ በእነዚህ ወራት ከሁሉም የከፋው ነው። እንገሩም አይደፋም፣ ልጁ ይጥባው።

እዚህ ላይ ነው ካንተ በቀር ማንም የማይተካህ። ልጁ በተወለደ በሁለተኛው ቀን እናትህ ትመጣለች። ለጋ ቅቤ በጣቷ ጫፍ ይዛ "አንጀቱን ያለሰልስለት፣ እኛ እናንተን በዚህ ነው ያሳደግነው" ትላለች። በፍቅር ነው። ምራት አማቷን "ተይ" ማለት አትችልም። ብትል "ኮራች" ይባላል። ብትደጋግም "ለምን?" ይመጣል፣ ከዚያ ምስጢሩ አፋፍ ላይ ይቆማል። አንተ ግን ትችላለህ። "እማዬ፣ ሐኪሙ ለእኔ ነው የነገረኝ። እስከ ስድስት ወር ውሃም ቢሆን እንዳይቀምስ ብሏል። ለልጅ ሁሉ ነው አሉ" በላት። ውሸት የለበትም፤ ለሁሉም ሕፃን የሚመከረው ይኸው ነው። ቅቤውን ለአራሷ ገንፎ ላይ ታድርገው። እናትህም አታዝንም፣ የሚስትህም ምስጢር ይጠበቃል። ይህን ንግግር ከመውለዷ በፊት ብታደርገው ደግሞ የተሻለ ነው፤ ቤት እንግዳ ሳይሞላ።

ጡቷ ከቆሰለ፣ ጫፉ ከተሰነጠቀ ወይም አብጦ ካተኮሳት በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዳት። የልጁ አፍ ቆስሎ ካየህም እንዲሁ። ከ6 ወር በኋላ ገንፎውና አጥሚቱ ይጀመራል፣ ጡቱም ቢያንስ እስከ አንድ ዓመት፣ ከዚያም በላይ ባለሙያው እንደሚላችሁ ይቀጥላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የእናት ክኒን አይቋረጥም።

አራስ ቤት ሳለች መድኃኒቷ እንዳያልቅ ቁጠር። ሲቃረብ አንተ ሄደህ ልታመጣላት የምትችልበትን መንገድ ከክፍሉ ጋር ቀድመህ ተነጋገር።

ስድስተኛ፦ የ45 ቀኑና ሌሎቹ ቀጠሮዎች

ሁሉም ሰው የ45 ቀን ክትባትን ያውቃል። በዚያው ቀን አካባቢ ልጁ የራሱ የኤችአይቪ ምርመራ ይደረግለታል። ከተረከዙ ጥቂት ጠብታ ደም በወረቀት ላይ ተወስዶ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ክትባት ክፍል ብቻ ገብታችሁ እንዳትመለሱ። ወንድ ልጅ ከሆነና ክርስትናው በ40 ቀን ከሆነ፣ የድግሱ ድካም ገና ሳያልፍ ነው ቀጠሮው የሚደርሰው። ከድግሱ በፊት ቀኑን ግድግዳ ላይ ለጥፈው።

ለምን ተራው የጣት ምርመራ አይበቃም? የእናት የመከላከያ አካላት በልጁ ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ተራው ኪት ነፃ የሆነውን ልጅ "አለበት" ሊል ይችላል። የወረቀቱ ምርመራ ራሱን ቫይረሱን ነው የሚፈልገው። ውጤቱ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስልክህን ስጥ፣ ካልተደወለልህ አንተ ሂድ። ከዚያው ቀን ጀምሮ ኮትሪሞክሳዞል የሚባል ሌላ መድኃኒት ይጀምራል፤ የመጨረሻው ውጤት እስኪታወቅ በየቀኑ ይወስዳል።

ልጁ ቫይረሱ አለበት ከተባለ ሕክምናውን በዚያው ጊዜ አስጀምሩ። አትጠብቁ፣ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ጊዜ አታጥፉ። ቶሎ የጀመረ ሕፃን ያድጋል፣ ይማራል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ለሚስቶችም ጥቂት

ባልሽ እንዲያውቅ ብትፈልጊ ነገር ግን ይመታኛል ወይም ከቤት ያስወጣኛል ብለሽ የምትፈሪ ከሆነ፣ ብቻሽን አትንገሪው። መጀመሪያ ለካውንስለሯ ንገሪያት። ባልሽ ተጠርቶ ምርመራውን እንደ አዲስ አብራችሁ እንድታደርጉ ማመቻቸት ይቻላል። ደኅንነትሽ ይቀድማል። መድኃኒትሽን ለመጀመር የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። በብዙ ጤና ተቋማት ቫይረሱ ያለባቸው እናቶች እርስ በርስ የሚመካከሩበት ቡድን አለ፤ "እናት ለእናት" ይሉታል። እንዴት እንደነገሩ፣ እንዴት እንደለመዱት ከእነሱ ስሚ።

አንድ ጊዜ "ባልሽን ሳታመጪ እንዳትመጪ" የተባለች ነፍሰ ጡር አግኝቻለሁ። ባል አልነበራትም። ሁለት ወር ቀረች። የወንድ መግባት ለሴቲቱ እንዲቀላት እንጂ በር እንዲዘጋባት አይደለም። እንዲህ ከተባልሽ የክፍሉን ኃላፊ ጠይቂ፣ አትመለሺ።

የመጨረሻው ቀን

ልጁ 18 ወር ሲሞላው፣ ወይም ጡት ካቆመ ቢያንስ 6 ሳምንት ሲያልፈው፣ ከሁለቱ ዘግይቶ በሚመጣው ቀን የመጨረሻው ምርመራ ይደረጋል። ያን ቀን ሦስታችሁም ሂዱ። ልጁ በዚያ ዕድሜው ይሮጣል፣ አግዳሚው ላይ አይቀመጥልህም፤ አንተ ያዘው፣ እሷ ካርዱን ታስመዝግብ። ውጤቱ ነፃ ሲሆን ኮትሪሞክሳዞሉ ይቆማል፣ የልጁ ፋይል ይዘጋል። የእናንተ ግን አይዘጋም። ከመውጣታችሁ በፊት የሚቀጥለውን የክኒን ቀጠሮ አስመዝግቡ፣ ያንተን ደግሞ የምርመራ ወይም የቫይራል ሎድ ቀን አስጽፍ።